ሃያ ትርፍ ነጥብ

አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ቁጥር ግን ያውቃል፤ በልጅነቱ የጣልያኖች ወርክሾፕ፣ ኦፊቺና፣ ውስጥ ብረት ሲቆርጥ ለልክ የሚበቃውን ያህል አስተምረውታል። የትምህርት ቤት ካርዴ ከላይ እስከ ታች በአማርኛ የተጻፈ ስለሆነ፣ ከዚያ ወረቀት ላይ ለእሱ የሚናገረው ቁጥሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ይደምረዋል። በየመንፈቁ ካርዴን ሳመጣ እጁን ይታጠባል፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ ያወርዳል፣ ቁልቁል ይደምራል። ማንንም ጠርጥሮ አልነበረም። ሌላ የሚያደርግበት ነገር ስላልነበረው ነው። ካርዱንም እንደ ድሮ አለቆቹ «ፓጄላ» እያለ ነው የሚጠራው።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን አስመራ፣ እዳጋ ሓሙስ፣ አባቴ የሚሠራው መደበር፣ የቀጥቃጮች ገበያ ውስጥ፤ ከአሮጌ በርሜል ባልዲና የአትክልት ማጠጫ ያወጣል። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ትምህርቱ ሁሉ በአማርኛ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአማርኛ እንማርና በዕረፍት ሰዓት ስለተማርነው በትግርኛ እንጨቃጨቃለን።

የክፍላችን ኃላፊ ከመሀል አገር የመጡ፣ ካፖርታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ነበሩ። አንድ እምነት ነበራቸው፤ ተማሪ ስንተኛ እንደሆነ ካላወቀ አያጠናም። ሃምሳ አራት ልጆች ነበርን፣ ዴስኩ አሥራ ስምንት፣ በአንዱ ላይ ሦስት ሦስት ሆነን እንቀመጣለን። የሚያስቀምጡን በደረጃ ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ከፊት፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት በኩል። ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ከነሱ ቀጥሎ። እንዲህ እያለ ሄዶ የመጨረሻዎቹ ሦስት በሩ አጠገብ ያርፋሉ። በሩ አይገጥምም ነበር። በታኅሣሥና በጥር የአስመራ ብርድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው። መምህራችን ይህን አስበውበት አይመስለኝም። ነገር ግን ሃምሳ አራተኛው ልጅ ሳል ይዞት ሁለት ሳምንት ቀረ፣ ሁለት ፈተና አለፈው፣ በዚህም ሃምሳ አራተኛነቱን አጸና።

እኔና ጓደኛዬ አምስተኛው ዴስክ ላይ ነበርን። እኔ አሥራ ሦስተኛ፣ እሷ አሥራ አራተኛ። እሷ ሒሳብ ይገባታል፤ ክፍልፋይን እንደ ዳቦ ቆርሳ ነው የምታሳይህ። እኔ ደግሞ አማርኛ ይቀናኝ ነበር። የኔ አማርኛ የጥናት ፍሬ አልነበረም። ግቢያችን ውስጥ ከሸዋ የመጣ አንድ የፖሊስ ቤተሰብ ይኖር ስለነበር፣ ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሰኞ ማክሰኞ ስጫወት የለመድኩት ነው። እነ ጓደኛዬ ግቢ ፖሊስ አልነበረም።

ንባብ ከአሥር ይታረማል። አንድ ቀን ጓደኛዬ ተነሥታ ስታነብ «ዐይን» የሚለውን ቃል እንደ እናቷ ትግርኛ ከጉሮሮዋ አወጣችው።

«አይን በይ፤ አታንቂው» አሏት መምህራችን።

«መምህር፣ የተጻፈው እኮ በዐይኑ ዐ ነው» አለች።

መጽሐፉን አስጠግተው አዩ። የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሱ ሰው ነበሩና ትንሽ አሰቡ።

«ልክ ነሽ» አሉ። «ስድስት።»

ተራው ሲደርሰኝ እኔ ቃሉን እንደ ፖሊሱ ልጆች አነበብኩትና ዘጠኝ አገኘሁ።

ያን መንፈቅ አብረን ለማጥናት ወሰንን። ከትምህርት በኋላ እነሱ ደጃፍ ላይ እንቀመጣለን። እሷ ሒሳብ ታስረዳኛለች፣ እኔ የቃል ጽሕፈት አነብላታለሁ፤ ስትሳሳት እስቃለሁ፣ ስሳሳት ትስቃለች። ጂኦግራፊውን ለሁለት ተካፍለን አንዳችን ለአንዳችን እናስተምር ነበር። በመጨረሻ እኔ ያወቅሁት ሒሳብ የእሷ ነበር፣ እሷ ያወቀችው አማርኛ የኔ። ማን ከማን በለጠ ብሎ የሚጠይቀን ቢኖር ሁለታችንም መልስ አልነበረንም። ጥያቄው ግን በካርዱ ላይ ቀድሞ ተመልሶ ነበር።

በወላጆች ቀን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት በስም ተጠሩ። ሦስተኛዋ እኔ ነበርኩ። ዲሬክተሩ እጄን ጨብጠው አንድ የኮምፓስ ሳጥን ሰጡኝ፤ ክዳኑ ላይ መርከብ የተሳለበት የቆርቆሮ ሳጥን፣ ውስጡ ኮምፓስና ማስመሪያ ያለበት። ወላጆች አጨበጨቡ። ጓደኛዬ አራተኛ ወጣች። ለአራተኛ የሚጨበጨብ ነገር የለም። ከሰልፉ መሀል ሆና አየችኝና ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ካርዳችንን ተቀያይረን አየን። እሷ የኔን ካርድ ትንሽ አቆይታ መለሰችልኝ።

አባቴ ሥራ ስለነበረው ለበዓሉ አልመጣም። ከሰዓት በኋላ መደበር ድረስ ሄጄ ካርዱንና ሳጥኑን አሳየሁት። ሳጥኑን ገልብጦ ማጠፊያውን መረመረና «ጥሩ ሥራ ነው» አለ። ከዚያ እጁን ታጠበ። እርሳሱን አወረደ። ደመረ። አንድ ጊዜ ከደመረ በኋላ ከታች ወደ ላይ ደግሞ ደመረ።

«ሶማው ልክ አይደለም» አለኝ።

«ምኑ?»

«ድምሩ። ስድስት መቶ ሠላሳ ሁለት ነው። እነሱ ስድስት መቶ ሃምሳ ሁለት ብለውታል።»

«አቦይ፣ ማኅተም አለበት እኮ» አልኩት።

ማኅተሙን ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየው። «ማኅተም አይደምርም» አለ።

ተቀምጬ ደመርኩ። ስድስት መቶ ሠላሳ ሁለት። እንደገና ደመርኩ። የስምንት ትምህርት ውጤት ነው፤ እንዲያንስም እንዲበዛም ማድረግ አይቻልም። አባቴ መዶሻውን አንሥቶ ሥራውን ቀጠለ። ነገሩ ያለፈ መስሎኝ ካርዱን ልወስድ ስል፣ ሳይዞር «ነገ አብረን እንሄዳለን» አለኝ።

አለቀስኩ። የተሳሳቱት መምህራችን ናቸው፣ እኔ ምን አጠፋሁ አልኩት። ምንም እንዳላጠፋሁ ነገረኝ። ታዲያ ለምን እንሄዳለን አልኩት። «ምንም ስላላጠፋሽ» አለኝ። እስከ ዛሬ ይህን መልስ ሙሉ በሙሉ ገብቶኛል ማለት አልችልም፤ ያን ቀን ግን ከመዶሻው ድምፅ በላይ እየጮኽኩ እንደጠላሁት ነገርኩት። ጎረቤቶቹ ቀጥቃጮች ለአንድ አፍታ ሥራቸውን አቆሙ፣ ከዚያ ቀጠሉ።

በማግስቱ የእሑድ ጃኬቱን ለብሶ የኮምፓሱን ሳጥን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ ወጣ። መምህራችንን ብቻቸውን በክፍሉ ውስጥ ደብተር ሲያርሙ አገኘናቸው። የሚያውቁት ትግርኛ ሰላምታው «ከመይ ኣለኹም»ና ጥሩ ማለት የሆነው «ጽቡቕ» ነበር፤ የአባቴ አማርኛም ከዚያ አይሻልም። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

አባቴ ረጋ ብሎ ተናገረ። ካርዱን እንደደመረው፣ ሃያ ትርፍ እንዳገኘበት፣ ልጁ የሰው ቦታ ይዛ እንድትቀመጥ እንደማይፈልግ፣ በእውነቱ ስንተኛ እንደሆነች እንዲነግሩት።

«አባቴ ሊያመሰግንዎት ነው የመጣው» አልኩ።

«ጽቡቕ፣ ጽቡቕ» አሉ መምህራችን፤ ተነሥተው እጁን ጨበጡት።

አባቴ እጁን እንዳስጨበጠ ወደ እኔ ዞረ። «እኔ ብዙ ተናገርኩ። አንቺ ትንሽ ተናገርሽ።»

«አማርኛ አጭር ነው» አልኩት።

አላመነኝም። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እርሳሱን አወረደና በጣልያንኛ መደመር ጀመረ፤ ሌላ መደመሪያ ቋንቋ አልነበረውም። መምህራችን መጀመሪያ ፈገግ ብለው አዩት። ከዚያ ፈገግታው ሄደና እሳቸውም በሹክሹክታ በአማርኛ አብረውት ይደምሩ ጀመር። የአንድ ቤቱን ሲጨርሱ አባቴ «ኳራንታ ዱዌ» አለ፣ እሳቸው «አርባ ሁለት» አሉ። የአሥር ቤቱን ሲጨርሱ «ሴሳንታ ትሬ» አለ፣ «ስድሳ ሦስት» አሉ። ሁለቱም ቀና ብለው ተያዩ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«አራት በእጅ ነበር» አሉ መምህራችን። «እኔ ስድስት ብዬ ይዣለሁ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በካፖርታቸው ጠረጉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። «አሁን ደግሞ የተናገሩትን ሁሉ ንገሪኝ» አሉ። ነገርኳቸው።

«ወላጅ ይጨመርልኝ ብሎ ይመጣል» አሉ። «ይቀነስልኝ ብሎ የመጣ አይቼ አላውቅም።»

ተረጎምኩ። አባቴ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። «ይቀነስ አላልኩም። ምን ያህል እንደሆነ ነው የጠየቅሁት።»

መዝገባቸውን ከፍተው በጣታቸው ቁልቁል ሄዱ። ስድስት መቶ ሠላሳ ሁለት ዘጠነኛ ነበር። ሦስተኛዋ ጓደኛዬ፣ በስድስት መቶ አርባ አንድ። አባቴ ቁጥሮቹን ትክ ብሎ አየ።

«ታዲያ በዘጠኝ ነጥብ ውስጥ ሰባት ልጆች ናቸው የቆሙት?»

«አዎ» አሉ መምህራችን።

«ከፊቷ ያሉት ስምንቱ ልጆች ቢታመሙ ልጄ አንደኛ ትሆናለች?»

«ትሆናለች።»

«ያን ጊዜ የምታውቀው ይጨምራል?»

«አይጨምርም» አሉ። ከዚያ «ይህን ንገሪልኝ» አሉኝ። «ሰባተኛ ክፍል ለሁላችሁ የሚበቃ ወንበር የለም። እኔ በውጤት ካልደረደርኳችሁ ሌላ ሰው በሌላ ነገር ይደረድራችኋል። በአባት ሹመት ይደረድራችኋል። በአገር ይደረድራችኋል። ስለዚህ ነው የምደረድረው።»

ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ። «እወ» አለ አባቴ፤ «እሱስ እውነት ነው። እንግዲያው በደንብ ይደመር።»

የኮምፓሱን ሳጥን ከነጋዜጣው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «የቐንየለይ» ብሎ አመሰገናቸውና ወጣ። እኔ ክፍል ስለነበረኝ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጥቂቱን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቀሪውን ሰምቻለሁ። መምህራችን የሃምሳ አራቱንም ውጤት እንደገና ደመሩ። አራት ስህተት አገኙ። አንዱ የአንደኛው ልጅ ነበር፤ አሥራ ሁለት ትርፍ ነበረውና ወደ ሁለተኛ ወረደ። አባቱ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። ዲሬክተሩ ይህን ሲሰሙ፣ ካርዱ ማኅተም ተመቶበታል፣ ሽልማቱ ተሰጥቷል፣ ወላጅ አጨብጭቧል፤ የተጨበጨበውን ምን እናደርገዋለን አሉ ተባለ። መዝገቡ ይስተካከል፣ ካርዱ እንዳለ ይቆይ ተብሎ ተወሰነ። በዚህ መሠረት ያን ዓመት ክፍላችን ሁለት አንደኛ ነበረው፤ አንድ በካርድ፣ አንድ በመዝገብ።

መምህራችን ካርዱን አልነኩም። ነገር ግን ሰኞ ጠዋት መዝገቡን ይዘው ገቡና «መደመር ላይ ተሳስቻለሁ» አሉን። አስተማሪ እንዲህ ሲል ሰምተን ስለማናውቅ ማን እንደሚቀጣ ለማየት ዙሪያችንን አየን። ከዚያ የተስተካከለውን ደረጃ ከአንድ ጀምረው አነበቡ። ደብተሬን ሰብስቤ ከመጀመሪያው ዴስክ ወደ ሦስተኛው ሄድኩ። ጓደኛዬ ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው መጣች። መተላለፊያው ጠባብ ስለነበር መሀል ላይ ተጋጨን።

የወረደው አንደኛ በዕረፍት ሰዓት ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። አባቱ በማግስቱ በመኪና መጡ። መምህራችን ወረቀትና እርሳስ ሰጥተው አስደመሯቸው። ሦስት ጊዜ ደምረው ሄዱ።

የኔ ስም «ሃያ» ሆነ። «ሃያ፣ ነይ እንጫወት»፣ «ሃያ፣ ደብተርሽን አውሺኝ»። ሁለት ወር ያህል ስሜን የጠራኝ መምህራችን ብቻ ናቸው። ለአባቴ አልነገርኩትም። ነግሬውስ ቢሆን «ልክ ነው፣ ሃያ ነበር» ይለኝ ነበር ብዬ ነው።

ጓደኛዬን ለአንድ ሳምንት አላናገርኳትም። ምክንያት አልነበረኝም፤ ቦታዬን የወሰደችው እሷ እንዳልሆነች አውቃለሁ፣ ቦታውም የኔ እንዳልነበረ አውቃለሁ። በስምንተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስንወጣ ራሷ ደረሰችብኝ።

«አውቄው ነበር» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሃያውን። ካርድ የተቀያየርን ዕለት ደመርኩት።»

ቆምኩ። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ለማን? አራተኛ ስለ ሦስተኛ ቢናገር ቅናት ነው ይባላል።»

የእውነቱ ባለቤት እሷ ነበረች፣ ግን ካለችበት ቦታ ሆኖ እውነቱን መናገር አይቻልም ነበር። ሦስተኛዋ ብቻ ነበረች መናገር የምትችለው፣ ሦስተኛዋ ደግሞ እኔ ነበርኩ፣ እኔም አማርኛ አጭር ነው እያልኩ ነበር።

«ተቀይመሽኛል?» አልኳት።

«ያን ቀን ትንሽ» አለች። «አሁን አንቺ ነሽ የተቀየምሽው።»

መምህራችን የኮምፓሱን ሳጥን ሰጥተዋት ነበር። ከቦርሳዋ አውጥታ ስታሳየኝ፣ በጋራ እንጠቀምበት ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ማንም በእሷ ቦታ ቢሆን እንደዚያ ይላል። ከፍታ አሳየችኝ፣ የኮምፓሱን ጫፍ እንዳሾለችው ነገረችኝ፣ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደገና አብረን አጠናን።

በሁለተኛው መንፈቅ ካርዱ ማኅተም ከመመታቱ በፊት መምህራችን ለክፍሉ አደሉና የአጠገባችሁን ልጅ ካርድ ደምሩ አሉን። አንድ ሙሉ ከሰዓት ደመርን። ሁለት ስህተት ተገኘ፤ አንዱን ያገኘው ያ በሩ አጠገብ የሚቀመጠው ሃምሳ አራተኛ ልጅ ነው። መምህራችን ስሙን ጠርተው አመሰገኑት። መመስገን ስላልለመደ «ምን አጠፋሁ?» አላቸው። እኔ አሥራ አንደኛ ወጣሁ። ጓደኛዬ አምስተኛ፤ ሒሳቧ የክፍሉ አንደኛ ነበር፣ ንባቧ አሁንም ስድስት። ከመጀመሪያው ዴስክ ያወረዳት «ዐይን» ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። ይህን ለመምህራችን የነገራቸው ሰው የለም። ሁለታችንም ወደ ሰባተኛ አለፍን። እሷ በኋላ ነርስ ሆነች፤ መርፌ ስትወጋ እጇ አይንቀጠቀጥም ይሏታል። እኔ ታይፕ ተምሬ ጸሐፊ ሆንኩ።

መምህራችን በዚያው ክረምት ወደ ባረንቱ ተዛወሩ። ከመሄዳቸው ሁለት ቀን በፊት መደበር መጡ። እኔ ለአባቴ ምሳ ይዤ ሄጄ ስለነበር አገኘኋቸው። ዝናቡ ገና አባርቶ ነበር፣ ካፖርታቸው ረጥቧል። ለመጽሐፎቻቸው ጥሩ የቆርቆሮ ሳንዱቅ እንደሚፈልጉ በትግርኛ ለመናገር ሞከሩ፤ አባቴም በአማርኛ ለመመለስ ሞከረ። እኔ ስላልጠየቁኝ አላስተረጎምኩም።

አባቴ የሳንዱቁን ልክ በክንዳቸው ለካ። ስንት መጽሐፍ እንዳላቸው በጣቱ ጠየቃቸው፣ በጣታቸው መለሱለት። ከዚያ ቆም ብሎ አሰበና ወደ ማዶ ጠቆማቸው፤ አንድ አንካሳ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ቁጭ ብሎ ማጠፊያ ይመታ ነበር።

«ሳንዱቅ እሱ» አላቸው። «የኔ ክዳን ይጣመማል።»

መምህራችን የሰሙት ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ እኔ ዞሩ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። አባቴን እጅ ነሡና ኩሬውን ዘለው ወደ ሽማግሌው ተሻገሩ።